የስልክ ዋሌትና ያልተማከለ መገበያያ አመራረጥ

ለነጋዴ ጸሐፊ ሆኖ የሚያገለግል ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚማረው የማኅተምን ነገር ነው። ደብዳቤው ቢያምር፥ ሒሳቡ ቢስተካከል፥ ማኅተሙ በማን እጅ እንዳለ ካልታወቀ የድርጅቱ ሀብት በማን እጅ እንዳለ አልታወቀም ማለት ነው። እኔም የአሠሪዬን ማኅተም ከሃያ ዓመት በላይ ስጠብቅ ስለ ኖርሁ፥ ከዚህ በታች ያለውን አዲስ ትምህርት የተረዳሁት በዚሁ በማኅተም ምሳሌ ነው።

ባለፈው ዓመት መለዋወጫ ዕቃ የሚልክልን አንድ የውጭ አገር ነጋዴ ዋጋው በባንክ መላኩ ቀርቶ በክሪፕቶ ገንዘብ እንዲከፈለው በመጠየቁ፥ አሠሪዬ «ይህ ነገር ምን እንደ ሆነ አጥንተህ ንገረኝ» ብለው አዘዙኝ። ያገኘሁትን ለአስመጪዎች፥ ለላኪዎችና ለባለ ሱቆች እነሆ በአጭሩ አቀርባለሁ።

አስቀድሞ ግን ሕጉን መናገር ይገባል። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በ2014 ዓ.ም. ባወጣው ማስጠንቀቂያ የአገሪቱ ሕጋዊ ገንዘብ ብር መሆኑንና በክሪፕቶ ገንዘብ መገበያየትና መክፈል ሕገ ወጥ መሆኑን አስታውቋል። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ በአገራችን በዚህ ገንዘብ እንነግድ ዘንድ ለመምከር የተጻፈ አይደለም። ነገር ግን ነገሩ በሌላ አገር እንዲህ አይደለም፤ በዱባይ ለምሳሌ ሥራውን የሚቆጣጠር መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2022 በሕግ ተቋቁሟል። በዚያ የሚነግዱ ወገኖቻችንም፥ ከዚያ ዕቃ የሚያስመጡ ነጋዴዎቻችንም ጥያቄው መምጣቱ አይቀርም፤ ያላወቁትን ነገር ደግሞ እሺ ማለትም እምቢ ማለትም ያስቸግራል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1ኛ፤ ዋሌት ምን እንደ ሆነ

ዋሌት ማለት የገንዘብ ቦርሳ ማለት ነው፤ ስሙ ግን ያሳስታል። በስልኩ ውስጥ የተቀመጠ ገንዘብ የለምና። በጥር ወር 2009 ሥራ የጀመረው ቢትኮይንም፥ ከእርሱ በኋላ የመጡትም፥ በብዙ አገር ባሉ ኮምፒዩተሮች ላይ በአንድነት የሚጻፉ መዝገቦች ናቸው። ማን ምን ያህል እንዳለው የሚታወቀው በመዝገቡ ነው። በስልኩ ውስጥ ያለው «ከእኔ ሒሳብ ይህን ያህል ወደ እገሌ ይዛወር» የሚለውን ትእዛዝ የሚያጸድቅ የምሥጢር ቁልፍ ብቻ ነው። እንግዲህ ዋሌት ካዝና ሳይሆን ማኅተም ነው።

አብዛኞቹ ዋሌቶች ይህን ቁልፍ ከ2,048 ቃላት ዝርዝር ተመርጠው በተራ በሚቀመጡ 12 ወይም 24 ቃላት አድርገው ለባለቤቱ ያሳያሉ። ስልኩ ቢሰበር ወይም ቢጠፋ እነዚህን ቃላት በሌላ ስልክ ላይ በማስገባት ሒሳቡን መልሶ ማግኘት ይቻላል። ነገር ግን ቃላቱን ያወቀ ማንም ሰው እንዲሁ ማድረግ ይችላል፤ መዝገቡ ባለቤቱንና ሌባውን አይለይም።

2ኛ፤ ማኅተሙ በማን እጅ ይሁን?

ዋሌቶች በሁለት ይከፈላሉ። በአንደኛው ዓይነት ቁልፉን የሚይዘው ኩባንያው ነው፤ ደንበኛው የሚይዘው የኩባንያውን ቃል ነው። ይህ ምን ያህል እንደሚጎዳ በሁለት ታላላቅ ውድቀቶች ታይቷል። ቶኪዮ የነበረው ማውንት ጎክስ በየካቲት 2014 ሲከስር 850,000 ያህል ቢትኮይን እንደ ጠፋበት ተናገረ፤ ከዚህም 200,000 ያህሉ ብቻ በኋላ ተገኘ። ኤፍቲኤክስ የተባለው መገበያያም በኅዳር 2022 ደንበኞቹ ገንዘባቸውን ለማውጣት በአንድ ጊዜ ሲጠይቁት መክፈል ተስኖት ከሰረ።

በሁለተኛው ዓይነት ቁልፉን የሚይዘው ባለቤቱ ራሱ ነው። ይህም የራሱ አደጋ አለው። ዱባይ ውስጥ የስልክ ዕቃ የሚነግድ የእኅቴ ልጅ የኩባንያዎቹን ውድቀት ሰምቶ ቁልፉን ራሱ ያዘ። መልካም አደረገ። ነገር ግን ዐሥራ ሁለቱን ቃላት በወረቀት በመጻፍ ፈንታ በስልኩ ፎቶግራፍ አነሣቸው፤ ፎቶግራፎቹም ሳያስተውል በኢንተርኔት ወደሚገኝ ማከማቻው ይገለበጡ ነበር። አንድ ያልታወቀ ሰው ወደ ማከማቻው ገብቶ ቃላቱን አገኘ። ልጁም አንድ ማለዳ ሲነሣ የሦስት ወር ትርፉ የለም። «አጎቴ፥ ማንን ልክሰስ?» ብሎ በስልክ ጠየቀኝ። ገንዘቡ ወደ የትኛው አድራሻ እንደ ሄደ በመዝገቡ ላይ በግልጽ ይታያል፤ የሚመልሰው ግን አልተገኘም። ሥራ አስኪያጅ የለ፥ የቅርንጫፍ ጽሕፈት ቤት የለ።

ስለዚህ ቁልፉን ራስ መያዝ ከኩባንያ ውድቀት ያድናል እንጂ ከራስ ቸልተኝነት አያድንም። በስልክ ላይ የሚያዘው ለዕለት ሥራ የሚበቃ ጥቂት ብቻ ይሁን፤ ብዙው ከኢንተርኔት ተለይቶ ቁልፍ ለመጠበቅ በተሠራ መሣሪያ ይቀመጥ። ማንም ነጋዴ የካዝናውን ገንዘብ ሁሉ በኪሱ ይዞ ገበያ አይወጣምና።

3ኛ፤ የስልክ ዋሌት ሲመረጥ ምን ይመርመር?

ሀ/ ዋሌቱ ሲከፈት ቃላቱን አሳይቶ በወረቀት እንዲጻፉ ያዝዛልን? በስልክ ቁጥርና በይለፍ ቃል ብቻ የሚከፈት ከሆነ ቁልፉ ምናልባት በኩባንያው እጅ ነውና ተጠይቆ ይታወቅ።

ለ/ የፕሮግራሙ አሠራር ባለሙያዎች እንዲመረምሩት በግልጽ ወጥቷልን? በነሐሴ 2022 በሶላና መዝገብ ላይ የሚሠሩ ብዙ ሺህ ዋሌቶች ባዶ በሆኑ ጊዜ፥ ስሎፕ የተባለው የስልክ ዋሌት የደንበኞቹን የምሥጢር ቃላት ወደ ሌላ የኮምፒዩተር ማከማቻ ሲያስተላልፍ እንደ ነበረ በምርመራ ተገኝቷል።

ሐ/ ከየት ተወረደ? የታወቁ ዋሌቶችን ስምና ምልክት የሚመስሉ ሐሰተኞች ብዙ ናቸው። ሠሪው ራሱ ከሚያመለክተው ሥፍራ እንጂ ሰው በመልእክት ከላከው አይወረድ። «ዋሌትህን ላስተካክልልህ፥ ቃላቱን ንገረኝ» የሚል ሁሉ ሌባ ነው።

መ/ የትኛውን መዝገብ ይቀበላል? ዩኤስዲቲ የተባለው ዲጂታል ዶላር በብዙ መዝገቦች ላይ ይገኛል። በትሮን መዝገብ ያለው አድራሻ በላቲኑ ፊደል «ቲ» ይጀምራል፤ በኢቴሪየም ያለው በዜሮና «ኤክስ» ይጀምራል። ወደ ተሳሳተ መዝገብ የተላከ ገንዘብ ላይመለስ ይችላል። የመላኪያው ዋጋም በአብዛኛው የሚከፈለው በመዝገቡ የራሱ ገንዘብ ስለ ሆነ፥ በትሮን ላይ 1,000 ዩኤስዲቲ ያለው ሰው ጥቂት የትሮን ገንዘብ ካልያዘ ያለውን ማንቀሳቀስ ሊሳነው ይችላል።

ሠ/ ወረቀቱ በእርግጥ ይሠራልን? ጥቂት ገንዘብ ብቻ አስገብቶ፥ ዋሌቱን ከስልኩ አጥፍቶ፥ ከወረቀቱ ላይ ቃላቱን እንደ ገና በማስገባት መመለሱን መፈተን ነው። ይህን ፈተና ሳያልፍ ብዙ ገንዘብ አይግባበት።

4ኛ፤ ያልተማከለ መገበያያ

ያልተማከለ መገበያያ የሚባለው ገንዘቡን ተቀብሎ የሚያስቀምጥ ኩባንያ በመካከል የሌለበት ገበያ ነው። ይህም ሁለት ዓይነት ስለ ሆነ መለየት ይገባል።

አንደኛው በ2018 እንደ ተከፈተው እንደ ዩኒስዋፕ ያለ፥ አንዱን ዲጂታል ገንዘብ በሌላው የሚለውጥ ነው። ብርም ሆነ ድርሃም አይሰጥም። ዋጋውን የሚወስነው በጋራ ጎተራ ውስጥ ያሉት የሁለቱ ገንዘቦች መጠን ነው። ለምሳሌ በጎተራው ከአንዱ 1,000፥ ከሌላው 1,000 ቢኖር፥ ኮሚሽኑን ሳንቆጥር፥ 10 የሰጠ ሰው 9.90 ይቀበላል፤ 100 የሰጠ ግን የሚቀበለው 90.9 ብቻ ነው። ጎተራው ትንሽ፥ ግብይቱ ትልቅ በሆነ መጠን ኪሣራው ይበዛል። ስለዚህ መገበያያ ሲመረጥ የጎተራው ስፋት አስቀድሞ ይታይ። ማንም ሰው በፈለገው ስም ገንዘብ አውጥቶ በዚያ ሊያቀርብ ስለሚችል፥ ስሙን ብቻ ሳይሆን የገንዘቡን የመዝገብ አድራሻ ማመሳከር ያስፈልጋል። ደግሞም ፕሮግራሙ «ከዋሌትህ እንዳወጣ ፍቀድልኝ» ሲል ወሰን የሌለው ፈቃድ መስጠት መጠን ያልተጻፈበትን ቼክ ፈርሞ እንደ መስጠት ነው፤ ለዕለቱ ግብይት በሚበቃው ይወሰን።

ሁለተኛው ሰውና ሰው በቀጥታ የሚገበያዩበት ነው። ከስልክ ይልቅ ለኮምፒዩተር የተሠራው ቢስክ የዚህ ምሳሌ ነው። በዚያ ገዢውም ሻጩም መያዣ ያስይዛሉ፤ ለሽያጭ የቀረበው ቢትኮይንም የሁለቱ ፊርማ በሚያስፈልገው ሒሳብ ይቆለፋል። ገዢው ዋጋውን በባንክ ይልካል፤ ሻጩ መቀበሉን ሲያረጋግጥ ቁልፉ ይከፈታል። መያዣ የማያስይዝ፥ ጠብ ቢነሣ የሚዳኝበት ሥርዓት የሌለው ገበያ ግን በእምነት ብቻ የሚካሄድ ነው።

5ኛ፤ ዋሌትም መገበያያም የማያድኑት

ዋሌቱ ቢጠነክር፥ ገበያውም ቢመረጥ፥ አታላይን አያስቀሩም። ገንዘብ መግባቱ የሚረጋገጠው ገዢው ባሳየው የባንክ መልእክት ሳይሆን የራስን ሒሳብ ከፍቶ በማየት ነው። ክፍያው ከሦስተኛ ሰው ስም ከመጣ አለመቀበል ይሻላል፤ የተሰረቀ ገንዘብ ሊሆን፥ የባንክ ሒሳብም ሊያስዘጋ ይችላልና። አድራሻም ከቀድሞ ዝርዝር ላይ አይገለበጥ፤ አታላዮች ጥቂት ገንዘብ በመላክ የሚመሳሰል አድራሻ በዝርዝሩ ውስጥ ያስገባሉ። ከፊደል እስከ ፊደል ይታይ፤ አስቀድሞም ጥቂት ተልኮ ይፈተን።

ዲጂታል ዶላር የተባለ ሁሉም ዶላር አይደለም። ዋጋው ከአንድ ዶላር ጋር እኩል ይሆናል የተባለው ቴራ ዩኤስዲ በግንቦት 2022 በጥቂት ቀናት ውስጥ አብዛኛውን ዋጋውን አጥቷል። ዩኤስዲቲን የሚያወጣው ቴተርም በወንጀል የተጠረጠረን አድራሻ ሊያግድ ይችላል፤ እንግዲህ ቁልፉ በእጃችን ቢሆንም የሌላ ሰው ሥልጣን አለበት።

ጥናቴን ለአሠሪዬ ባቀረብሁ ጊዜ ሁለት ነገር ብቻ ጠየቁኝ። «ሕጉ ይፈቅድልናል?» አሉ፤ አይፈቅድም አልሁ። «ዕቃው ባይመጣ ገንዘቡን ማን ይመልስልናል?» አሉ፤ ማንም አልሁ። በኤልሲ የሚከፈል ሲሆን ግን ባንኩ የዕቃውን ሰነድ መርምሮ ነው የሚከፍለው። ለውጭ አገሩ ነጋዴም ክፍያው እንደ ቀድሞው በባንክ እንደሚሆን የሚገልጽ ደብዳቤ ጻፍሁለት፤ ጥቂት ካመነታ በኋላ ተስማማ። የእኅቴ ልጅ በበኩሉ ዛሬ አዲሶቹን ቃላት በሁለት ወረቀት ጽፎ በሁለት ሥፍራ አኑሯል።

ለማስታወስ የሚረዱ ጥያቄዎች፤

1. የምሠራበት አገር ሕግ ይህን ግብይት ይፈቅዳልን?
2. የዋሌቱ ቁልፍ በማን እጅ ነው? ቢጠፋስ በምን ይመለሳል?
3. ያልተማከለው መገበያያ ጎተራው ለግብይቴ ይበቃልን? በሰውና በሰው መካከል ከሆነስ ሁለቱም ወገኖች መያዣ አስይዘዋልን?
4. ገንዘቡ ከእጄ ከወጣ በኋላ ስሕተት ቢገኝ ወደ ማን እሄዳለሁ?

ለእነዚህ አራት ጥያቄዎች በቂ መልስ ያላገኘ ነጋዴ ማኅተሙን ከመሳቢያው ባያወጣ ይሻለዋል።