መንኰራኩርን እንደ ገና መፍጠር

ሌላ ሰው ሠርቶ የጨረሰውን ሥራ ሳያስፈልግ ከመጀመሪያው የሚጀምረውን ሰው እንግሊዞች «መንኰራኩርን እንደ ገና ይፈጥራል» ይሉታል። የሠረገላ መንኰራኩር ከታወቀ ከአምስት ሺህ ዓመት በላይ ነውና፤ ዛሬ እርሱን ለመፈልሰፍ ዕድሜውን የሚጨርስ ሰው ቢገኝ ያስቃል።

በአራዳ፤ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ፤ ዳግማዊ ምኒልክ በፈረስ ላይ ተቀምጠው የሚታዩበት ሐውልት አለ። ስለዚህ አነጋገር ከእኒህ ንጉሥ ታሪክ ትምህርት ይገኛል።

በ1871 ዓ.ም. ሙሴ አልፍሬድ ኢልግ የሚባል የስዊስ አገር መሐንዲስ ወደ አንኮበር መጣ። ምኒልክም ያን ጊዜ የሸዋ ንጉሥ ነበሩና፤ ጠመንጃ እንዲሠራላቸው አዘዙት። ኢልግ ሙያው እንዳልሆነ፤ ከአውሮጳም የሚሻልና ዋጋው የረከሰ ጠመንጃ እንደሚገኝ አመለከተ። ንጉሡ ግን አሳቡን አልተቀበሉም። እርሱም ብዙ ደክሞ አንድ ጠመንጃ ሠራ።

በአንድ ጠመንጃ ጦር አይታጠቅም። በ1888 ዓ.ም. ወደ ዐድዋ የዘመተው ሠራዊት የያዘው መሣሪያ አብዛኛው ከባሕር ማዶ የመጣ ነበረ። ይሁን እንጂ የኢልግ ድካም ፈጽሞ ከንቱ ነበረ አይባልም፤ ንጉሡ የመሐንዲሱን እጅ ፈትነውበታልና። ከንቱ የሚሆነው ሁለተኛና ሦስተኛ ጠመንጃ ቢያሠሩት ነበረ።

በኋላም ኢልግ የእንጦጦን ውኃ በቧንቧ ወደ አዲስ አበባ ቤተ መንግሥት አስገባ። ውኃው ከተራራው ወደ ሸለቆ ወርዶ፤ ከሸለቆውም በራሱ ክብደት እየተገፋ ወደ ግቢው ኰረብታ ወጣ። ይህን ላላየ ሰው ማመን ያስቸግር ነበረ። ስለዚህ ሥራ ግን ብረት አቅልጦ ቧንቧ መሥራት አላስፈለገውም፤ ቧንቧው ከአውሮጳ ተገዝቶ መጣ።

በ1896 ዓ.ም. ገደማ ደግሞ ሰርኪስ ተርዚያን የሚባል አርመናዊ መንገድ የሚዳምጥ የእንፋሎት መኪና አስመጣ። ሕዝቡም «የሰርኪስ ባቡር» አለው። የምድር ባቡር አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ስለ ሆነ፤ ይህ ከባድ ዕቃ ተራራና ወንዝ እየተሻገረ በብዙ ሰው ጉልበት ተጐትቶ ገባ። ትልቁ የብረት መንኰራኩር በሌላ አገር ተሠርቶ ነበረ፤ የሚሄድበት መንገድ ግን ገና አልተሠራም።