ጩኸቷ ጠፍቶ ስሟ የቀረ መርከብ

ስለ መርከብ ሲነገር አሳባችን ወዲያው ውቅያኖስ ወደሚያቋርጡት ታላላቆች ይሮጣል። እኔ ግን ርዝመቷ 66 ጫማ፣ ይኸውም 20 ሜትር ያህል ብቻ የሆነውን፣ በስኮትላንድ ምዕራባዊ ጠረፍ የድንጋይ ከሰል ስታመላልስ የኖረችውን «ፓፈር» የተባለች የእንፋሎት መርከብ ላስተዋውቃችሁ እወዳለሁ። የአርት ፋኩልቲ ተማሪ በሞተር ነገር ምን አገባው የሚል አይጠፋም። ጥያቄዬ ግን የመሐንዲስ አይደለም፤ ሰው የሚሠራው ዕቃ መልኩን ከወዴት ያገኛል? የሚል ነው።

ርዝመቷን የወሰነላት የውሃ ቦይ ነው። በ1790 (ዘመኖቹ ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው) የተከፈተው የፎርዝና የክላይድ ቦይ የስኮትላንድን ምሥራቅና ምዕራብ ያገናኛል። መሬቱ ከፍና ዝቅ ስለሚል፣ መርከቧ በሁለት መዝጊያዎች መካከል ትገባና ውሃው ሲሞላ ትነሣለች፣ ሲጎድል ትወርዳለች። ከዚያ ክፍል የረዘመች መርከብ ማለፍ አትችልም። እንግዲህ ሠሪዎቹ በርዝመት ያጡትን በስፋትና በጥልቀት ለማግኘት ሲሉ አፍንጫዋን ደፍጣጣ፣ ሆዷን ሰፊ አደረጉት። መልከ መልካም ናት አልልም።

ስሟ ከድምፅ የመጣ ነው። በ1856 «ቶማስ» በተባለ የብረት ጀልባ ላይ የእንፋሎት ሞተር ሲገጠም፣ ሥራውን የጨረሰው እንፋሎት በቀጥታ በጭስ ማውጫው ይወጣ ነበር፤ በወጣም ቍጥር «ፓፍ፣ ፓፍ» ይላል። እንፋሎቱን አቀዝቅዞ መልሶ ውሃ የሚያደርግ መሣሪያ አልነበራትም፤ አላስፈለጋትምም። የምትንሳፈፍበት ጨው የሌለው የቦይ ውሃ ነውና፣ የጎደለውን እየቀዱ መሙላት ነው። ወደ ባሕር ስትወጣ ግን ነገሩ ተለወጠ። የባሕር ውሃ ቢፈላ ጨው በማፍያው ጋን ውስጥ ይጋገርና ያበላሸዋል፤ ስለዚህ የያዘችውን ንጹሕ ውሃ ደጋግማ እንድትጠቀምበት ማቀዝቀዣው ተጨመረላት። ያን ጊዜ ጩኸቷ ጠፋ፤ ሰዎች ግን እስከ መጨረሻው «ፓፈር» ሲሏት ኖሩ።

ይበልጥ የማረከኝ ወለሏ ነው። ብዙዎቹ የደሴት መንደሮች የመርከብ ማቆሚያ አልነበራቸውም። ፓፈር የባሕሩ ሙላት ሳለ ወደ አሸዋው ትጠጋለች፤ ውሃው ሲሸሽ በጠፍጣፋ ወለሏ ላይ ቀጥ ብላ ትቀመጣለች። የመንደሩ ሰዎች ጋሪያቸውን ይዘው እስከ ጐኗ ድረስ ይመጣሉ፤ በምሰሶዋ ላይ ያለው ማንሻ በእንፋሎት ኃይል ከሰሉን ከሆዷ እያወጣ ይገለብጥላቸዋል። ሙላቱ ሲመለስ ተንሳፍፋ ትሄዳለች። ወለሏ እንደሌሎቹ የባሕር መርከቦች የሾለ ቢሆን ኖሮ በጐኗ በወደቀች ነበር፤ የክረምቱም ማገዶ ከደሴቱ ባልደረሰ ነበር።

ይሁን እንጂ መልክ የሚሰጠው ቦታ ብቻ ነው ብዬ ብደመድም እሳሳታለሁ። ከመካከሏ የተንጣለለው ስፍራ የጭነት ነው። ሞተሩ ወደ ኋላ ተገፍቷል፤ መርከበኞቹ ከፊት ባለችው ጠባብ ክፍል ተጨናንቀው ያድራሉ። በቀድሞዎቹ ፓፈሮች መሪውን የሚይዘው ሰው መጠለያ እንኳ አልነበረውም፤ በዝናብና በነፋስ ከጭስ ማውጫው በስተኋላ ይቆም ነበር። ይህን ያዘዘ ቦይም አሸዋም አይደለም። የባለቤቱ ሒሳብ ነው።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የእንግሊዝ የባሕር ኃይል በ1939 የተሠሩትን ሁለት ፓፈሮች አብነት አድርጎ፣ ለጦር መርከቦች ስንቅና ዕቃ የሚያደርሱ ብዙ ትናንሽ መርከቦች አሠራ። በእንፋሎት መሆናቸው ኋላ ቀርነት አልነበረም፤ ነዳጅ ዘይት ከባሕር ማዶ ሲመጣ ከሰሉ ከአገር ቤት ይቆፈር ነበርና። ከጦርነቱ በኋላ ብዙዎቹ ፓፈሮች በናፍጣ ሞተር ተለወጡ፤ ቦዩ በ1963 ተዘጋ (በ2001 ዳግመኛ ተከፍቷል)፤ መኪና ከነጭነቱ የሚያሻግሩ መርከቦችም ሥራቸውን ወሰዱባቸው። ከነዚያ የጦርነት ጊዜ መርከቦች በ1943 የተሠራችው «ቪክ 32» ግን ተርፋ መንገደኞችን ለሽርሽር ስታዞር ኖራለች፤ መንገደኞቹም አካፋ ይዘው ከሰሉን ወደ እሳቱ ይጨምሩላታል።