ውርስ ስለ ማካፈል፤ የክፍልፋይና የስፋት ትምህርት

መምህራን ሆይ፥ እናንተም የሰፈር ሽማግሌዎች፤ ክፍልፋይ ቍጥር በሰሌዳ ላይ ተጽፎ የሚቀር ነገር አይደለም። ሰው ሞቶ ንብረቱ ሲከፈል ሒሳቡን የማያውቅ ወገን ድርሻውን ያጣል፤ ወንድማማችም በከንቱ ይካሰሳል። ስለዚህ ተማሪዎች ትምህርቱን በሚከተለው ምሳሌ ይማሩት።

በአዲስ አበባ ምዕራብ፥ በኮልፌ ቀራኒዮ፥ አንድ አባት ሳይናዘዝ ሞተ እንበል። ሚስቱና ሁለት ልጆቹ በሕይወት አሉ፤ ሦስተኛው ልጅ ግን ከአባቱ አስቀድሞ ሞቶ ሁለት ልጆች ትቷል። ቤቱና ይዞታው በጋብቻ ዘመን የተገኘ የጋራ ሀብት ነው።

በ1992 ዓ.ም. እንደ ተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጋራው ሀብት እኩሌታ የሚስቲቱ ነው። በ1952 ዓ.ም. እንደ ወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም የቀረው እኩሌታ ወንድና ሴት ሳይለይ ለልጆች በትክክል ይከፈላል፤ የሞተው ልጅ ድርሻ ለልጆቹ ይተላለፋል።

1/2 ለ3 ሲከፈል ለያንዳንዱ ልጅ 1/6 ይደርሰዋል። 1/6 ደግሞ ለ2 ሲከፈል ለያንዳንዱ የልጅ ልጅ 1/12 ይሆናል። ይህን ለመመርመር የታችኛውን ቍጥር ሁሉ 12 እናድርግ፤ 6/12 + 2/12 + 2/12 + 1/12 + 1/12 = 12/12። አልተረፈም፥ አልጐደለምም።

ብዙ ተማሪ 1/2ንና 1/6ን ሲደምር የላዩን ከላዩ፥ የታቹን ከታቹ አድርጎ 2/8 ይላል። 2/8 ሩብ ነው፤ ሩብም ከእኩሌታ ያንሳል። «ተጨምሮበት የሚያንስ ነገር አለን?» ብሎ መምህሩ ይጠይቀው።

አሁን ቦታውን እንለካ። ፊቱ 14 ሜትር፥ በትይዩ ያለው ጀርባው 10 ሜትር ነው፤ አንዱ ጐኑ ከፊቱ ጋር ቀጥ ያለ ማዕዘን ሠርቶ 20 ሜትር ይሄዳል። ማዕዘኑን ለመመርመር በ12 እኩል ክፍል የተቋጠረ ገመድ 3፥ 4፥ 5 አድርጎ መወጠር ነው፤ በ3ና በ4 መካከል ያለው ማዕዘን ቀጥ ያለ ይሆናል። መሬቱ ተዳፋት ቢሆን ገመዱ አግድም ተወጥሮ ይለካ እንጂ በመሬቱ ላይ አይጋደም።

ቦታው በአንድ መስመር ሲለይ 10 በ20 የሆነ አራት ማዕዘን፥ ማለት 200 ካሬ ሜትር፥ ይገኛል። የተረፈው ወርዱ 4፥ ርዝመቱ 20 የሆነ ሦስት ማዕዘን ነው፤ 4 ጊዜ 20 ለ2 ተከፍሎ 40 ይሆናል። ጠቅላላው 240 ነው። እንግዲህ ለእናት 120፥ ለሁለቱ ልጆች 40፥ 40፥ ለልጅ ልጆች 20፥ 20 ይደርሳቸዋል። «አራት ወገን ናቸውና ለአራት ይከፈል» የሚል ሰው ቢነሣ ለእናት 60 ብቻ ሰጥቶ ሌላውን 60 ይነጥቃታል።

ሽማግሌዎች ይህንንም ያስተውሉ። ሦስት ማዕዘኑ 40 ካሬ ሜትር ቢሆንም ወደ ጀርባ እየሾለ ይሄዳልና ለቤት አይመችም፤ ስፋቱ እኩል የሆነ ሁሉ ጥቅሙ እኩል አይደለም። ደግሞም ከ1967 ዓ.ም. አዋጅ ወዲህ የከተማ መሬት የግል ሀብት ስላልሆነ የሚተላለፈው ቤቱና የይዞታ መብቱ ነው፤ ቦታውን ቈርጦ ለመለየት የመንግሥት ፈቃድ ያስፈልጋል። ፈቃድ ባይገኝም ሒሳቡ አይለወጥም፤ የቤቱ ዋጋ ወይም ኪራዩ በዚሁ ክፍልፋይ ይታደላል።

ለተማሪዎች የሚሰጥ ጥያቄ፤ የሞተው ልጅ ሦስት ልጆች ትቶ ቢሆን ለያንዳንዱ ስንት በደረሰው ነበር? መልሱ 1/18 ነው፤ ይህም 13 ካሬ ሜትር ከ1/3 ይሆናል።