ሹም ሽር የበዛበት ዓመትና የጌዴኦ ሕዝብ ዕዳ

ቢስሚላሂ አር-ረሕማኒ አር-ረሒም



በዓለማችን መሪ ሳይለወጥ ያለፈ ዓመት የለም። ያም ሆኖ በቅርብ ዘመን ካየናቸው ዓመታት 2010 ዓ.ም.ን ያህል ሹም ሽር የበዛበት በእኔ ግምት አይገኝም። ዓመቱ በገባ በአሥራ ስድስተኛው ቀን፣ መስከረም 16፣ አንጎላን 38 ዓመት የገዙት ጆዜ ኤድዋርዶ ዶስ ሳንቶስ ወንበሩን ለዡዋዎ ሎሬንሶ ለቀቁ። ኅዳር 12 ቀን የዚምባብዌው ሮበርት ሙጋቤ ከ37 ዓመት አገዛዝ በኋላ የገዛ ጦራቸው ፊቱን አዙሮባቸው የመልቀቂያ ደብዳቤ ጻፉ። ጥር 14 ቀን የእግር ኳስ ኮከቡ ጆርጅ ዊሃ የላይቤሪያን ፕሬዚዳንትነት ተረከቡ። የካቲት 7 ቀን ማታ የደቡብ አፍሪካው ጃኮብ ዙማ በፓርቲያቸው ግፊት ወረዱ፤ በማግስቱ የካቲት 8 የእኛው ጠቅላይ ሚኒስትር ኃይለማርያም ደሳለኝ የመልቀቂያ ጥያቄ ማቅረባቸውን ሰማን። መጋቢት 23 ቀን የቦትስዋናው ኢያን ካማ የተፈቀደላቸውን 10 ዓመት ጨርሰው ለሞክዌትሲ ማሲሲ አስረከቡ፤ መጋቢት 24 ቀን ዶክተር ዐቢይ አሕመድ በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ቃለ መሐላ ፈጸሙ። በኩባ የካስትሮ ወንድማማቾች ይዘውት የቆዩት ፕሬዚዳንትነት ሚያዝያ 11 ቀን ከቤተሰቡ ወጣ። ግንቦት 2 ቀን የ92 ዓመቱ ማሃቲር ሙሐመድ ማሌዥያን ዳግም ለመምራት ማሉ፤ ነሐሴ 12 ቀን ደግሞ ኢምራን ኻን በፓኪስታን ተተኩ።

በየሻይ ቤቱ የተነሣው ክርክር ማን መጣ፣ ማን ሄደ፣ ከየትኛው ብሔር ነው፣ ሃይማኖቱስ ምንድን ነው የሚል ነበር። ይህ ክርክር አስፈላጊ አይደለም አልልም። እኔ ግን በዚህ ጽሑፍ ላነሣው የፈለግሁት ሌላ ነው፤ አንዱ ወርዶ ሌላው እስኪደላደል ባለው ጊዜ ውስጥ ታች ያለው ሕዝብ በማን እጅ ነው የሚቆየው? ለዚህ ጥያቄ ከዲላ ከተማና ከጌዴኦ ዞን የተሻለ ምስክር አላገኘሁም።

ዲላ ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌ በሚወስደው መንገድ ላይ በ360 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት የምትገኝ የቡና ከተማ ናት። ከእርሷ ወደ ደቡብ ወናጎ፣ ይርጋ ጨፌ፣ ኮቸሬና ገደብ ይከተላሉ። ዞኑ ጠባብ ነው፤ ሕዝቡ ግን በገጠሩ ሳይቀር እጅግ የተጠጋጋ ነው። ገበሬው እንሰትን፣ ቡናንና ትልልቁን ዛፍ በአንድ ማሳ ደርቦ ነው የሚያኖረው። ይህ የአያያዝ ጥበብ በመስከረም 2016 ዓ.ም. ሪያድ ላይ በተደረገው የዩኔስኮ ጉባኤ በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። መሬቱ ስለማይበቃው የጌዴኦ ሰው ከትውልድ በፊት ጀምሮ ወደ ጉጂ ምድር ተሻግሮ፣ ቡና ተክሎ፣ ተጋብቶና ተዋልዶ ኖሯል።

በጌዴኦ ላይ የአዲስ አበባ ሹም ሽር ያላሳረፈው ዱካ የለም። አገሩ በንጉሡ ዘመን በሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት ሥር ደራሳ እየተባለ ይጠራ ነበር፤ ገበሬውም የባለርስት ጭሰኛ ሆኖ የቡናውን ፍሬ ያካፍል ነበር። በ1952 ዓ.ም. ምችሌ ላይ ያመፀው በዚህ ተማርሮ ነው፤ ጦር ይዞ ከጠመንጃ ጋር ተጋጥሞ ብዙ ሰው አልቆበታል። ንጉሠ ነገሥቱ መስከረም 2 ቀን 1967 ወርደው በዚያው ዓመት የካቲት 25 የመሬት አዋጁ ሲታወጅ ጭሰኝነት ቀረ፤ ይህን ውለታ ማንም አይክደውም። ግንቦት 1983 ላይ ደርግ ሲወድቅ ደግሞ አገሩ በብሔር ተከለለና ትናንት የአንድ ጠቅላይ ግዛት ሰዎች የነበሩት ጌዴኦና ጉጂ በሁለት ክልል ተለያዩ። ወሰኑ የት ይሁን የሚለው ጥያቄ በ1987 እና በ1990 ዓ.ም. ደም አፋሰሰ። ከዚያ በኋላ ነገሩ በረደ እንጂ አልተፈታም።

በ2010 ዓ.ም. የሆነውም ከዚህ ቀጥሎ ነው። ኃይለማርያም መልቀቂያ ካቀረቡበት ቀን እስከ ተተኪያቸው ቃለ መሐላ ድረስ 46 ቀን አለፈ። በእነዚያ ቀናት አገሩ በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሥር ነበር፤ የአራቱ ድርጅቶች ሰዎችም ማን ይመረጥ በሚለው ተጠምደው ነበር። አዲሱ ጠቅላይ ሚኒስትር ተሾሙ፤ ሁለት ሳምንት ገደማ እንዳለፈ፣ በሚያዝያ መጀመሪያ ላይ፣ በምዕራብ ጉጂ ዞን በሚኖሩ ጌዴኦዎች ላይ ጥቃት ተነሣ። ግንቦት ላይ ጋብ ያለ መሰለ፤ በግንቦት መጨረሻና በሰኔ ግን ብሶ አገረሸ። ቤት ተቃጠለ፤ ቡና ተጨፈጨፈ፤ የሰው ሕይወት ጠፋ። ከጉጂ ወገንም የተፈናቀለው ብዙ ነው። በሁለቱ ዞኖች የተፈናቀለው ሲደመር ወደ አንድ ሚሊዮን ተጠጋ። በዚያው በፈረንጆቹ 2018 በግጭት ምክንያት አዲስ የተፈናቃይ ቁጥር በዓለም አንደኛ የሆነችው ኢትዮጵያ ነበረች፤ ከሶርያም ከኮንጎም በልጣ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ነገሩን ማቅለል አይገባም። መንስኤው የመሪ መለወጥ ብቻ ነው ብል እዋሻለሁ። የመሬት ጥበት አለ፣ የወሰን ጥያቄ አለ፣ የማንነትና የውክልና ጥያቄ አለ፣ አሉባልታም ነበረ። ነገር ግን እነዚህ ሁሉ ከዚያ በፊትም ነበሩ። እሳቱ ያን ያህል የተስፋፋው፣ እኔ እንደማምነው፣ የቀበሌውም የዞኑም ሹም ማን ያዝዘኛል፣ ነገ ወንበሬ ላይ እኖራለሁ ወይ እያለ በሚያመነታበት ወቅት በመሆኑ ነው። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» በሚል ተረት ያደገ ሹም፣ መሻሩ በቀረበ ጊዜ ሕዝብ ይጠብቃል ብሎ ማሰብ ያዳግታል።

ያኔ የከተማው ሙስሊም ደስታ ላይ ነበር፤ ደስታውም ተገቢ ነበር። በየካቲት 2010 የመፍትሔ አፈላላጊ ኮሚቴው አባላት እነ አሕመዲን ጀበል ከእስር ወጥተዋል፤ የመጅሊሱም ጉዳይ መላ ሊያገኝ ተቃርቦ ነበር። ይርጋ ጨፌና ገደብ ውስጥ በየትምህርት ቤቱና ባላለቀ ሕንፃ ሥር ሸራ ወጥሮ ክረምቱን የገፋው ሕዝብ ግን በእኛ ወሬ ውስጥ ትልቅ ቦታ አልነበረውም። «ከተፈናቃዩ ውስጥ ሙስሊሙ ስንት ነው?» የሚል ጥያቄም ሰምቻለሁ። የጎረቤት ሐቅ ሃይማኖት ተጠይቆ የሚሰጥ አለመሆኑን ለሙስሊም አንባቢ ማስረዳት ያለብኝ አይመስለኝም።

እስቲ ወደ ራሳችን ታሪክ እንመለስ። ንግሥናን ሰጪውም ነሺውም አላህ መሆኑን ከሱረቱል ኣሊ ዒምራን ተምረናል። ሶሓቦች ግን ይህን እያመኑ የርክክቡን ሥራ ለነገ አላሳደሩትም። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) በ11ኛው ዓመተ ሂጅራ ሲያርፉ ገና ሳይቀበሩ በሰቂፋ ተሰብስበው ለአቡበክር (ረ.ዐ.) ቃል ኪዳን ገቡ። አቡበክር በበኩላቸው ሞት ሲቀርባቸው ሰዎችን አማክረው ዑመርን (ረ.ዐ.) አጩ። በእኔ እይታ ከሁሉም የሚደንቀው ግን የዑመር ነው። በ23ኛው ዓመተ ሂጅራ በሱብሒ ሶላት ላይ ተወግተው በተኙበት አልጋ ላይ ስድስት ሶሓቦችን ሰይመው ከመካከላቸው አንዱን እንዲመርጡ ሦስት ቀን ቆረጡላቸው፤ እስከዚያው ሱሀይብ ሕዝቡን እንዲያሰግድ አዘዙ። ልጃቸው ዐብዱላህ በምክክሩ ላይ እንዲገኝ ፈቀዱለት፤ ከሥልጣኑ ግን አገለሉት። ልብ በሉ፤ ሱሀይብ ከዕጩዎቹ አንዱ አልነበሩም። በመካከሉ ያለውን ጊዜ የሚጠብቀው ሰው በውድድሩ ውስጥ የሌለ ነው ማለት ነው። በኤፍራጥስ ዳር ለምትጠፋ እንስሳ እንኳ እጠየቅ ይሆን እያሉ የሚሰጉ መሪ ሦስቱን ቀን ባዶ ሊተዉ አይችሉም ነበር።

የጌዴኦ ሕዝብም በዚህ ረገድ ባዶ እጁን አይደለም። ባሌ የሚባለው ሥርዓቱ በየስምንት ዓመቱ አባ ገዳውን ይለውጣል። ተረካቢው በድንገት የሚመጣ አይደለም፤ በእድሜ እርከን እየተሸጋገረ ለዓመታት ተዘጋጅቶ ይመጣል፤ ርክክቡም ሕዝብ በተሰበሰበበት ይፈጸማል። ሰውዬው ጎበዝ ነው ተብሎ ስምንቱ ዓመት አይራዘምለትም። ከባሌ ጋር የተያያዙ እምነቶችና ሥነ ሥርዓቶች በእስልምና ዓይን የምንቀበላቸው አይደሉም፤ ሴቶች በሥልጣኑ ያላቸው ቦታም አያረካኝም። የአስተዳደር ጥበቡን ግን ማየት ይገባል። ጉጂም የገዳ ባለቤት ነው፤ ሁለቱ ሕዝቦች ደም ሲቃቡ የሚታረቁበት ጎንዶሮ የሚባል የጋራ ሥርዓት አላቸው። ታዲያ ይህ ሁሉ እያለ 2010ን ለምን አላስቀረውም? ለዚህ ያለኝ መልስ አጭር ነው፤ ወሰኑን ያሰመሩት አባ ገዳዎቹ አልነበሩም፤ ፖሊሱንም የሚያዝዙት እነርሱ አይደሉም።

በ2010 ክረምት መጨረሻ ላይ ከተፈናቃዮቹ ብዙዎቹ ተመለሱ ተባለ፤ ያልተደላደለ መመለስ ነበርና ዳግም ተፈናቅለው ወደ ጌዴኦ የመጡት ጥቂት አልነበሩም። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ገደብ ሄደው የጎበኟቸው በመጋቢት 2011 ነው፤ ከመጀመሪያው ጥቃት አሥራ አንድ ወር ገደማ በኋላ መሆኑ ነው።

በዚያ ዓመት ከተሾሙት የውጭ መሪዎች መካከል አንዳንዶቹ ቆይተው አሳዩን። ዊሃ በኅዳር 2016 በምርጫ ሲሸነፉ ውጤቱ ተቆጥሮ ሳያልቅ ለተቀናቃኛቸው ደውለው እንኳን ደስ ያለዎት አሉ፤ ላይቤሪያ ያን ሁሉ የእርስ በርስ ጦርነት ያየች አገር ናት። ማሲሲም በጥቅምት 2017 ተሸንፈው፣ ፓርቲያቸው ከ1959 ዓ.ም. ጀምሮ የያዘውን ሥልጣን ያለ ግርግር ለዱማ ቦኮ አስረከቡ። ኢምራን ኻን በሚያዝያ 2014 በፓርላማ ድምፅ ተነሥተው ነገሩ ወደ እስር ቤት ሄደ። ዊሃና ኢምራን ኻን የመጡት በምርጫ፣ ማሲሲ ደግሞ ከካማ ተረክበው ነበር፤ አወራረዳቸውም አንድ አልሆነም።

መንግሥትን ስንተች ግን ደጃችንንም እንይ። ለሁለት ወይም ለሦስት ዓመት ተመርጦ አሥር ዓመት የሚሞላው የመስጊድ ኮሚቴ በየከተማው አለ፤ ዲላም ይሁን አዲስ አበባ ነዋሪው ያውቀዋል። ሲለቅም ቁልፉን እንጂ የሒሳብ መዝገቡን አያስረክብም። የሚቀጥለው የጀመዓ ስብሰባ ሲጠራ ማን ይመረጥ ከሚለው በፊት ሦስት ነገር ይጠየቅ እላለሁ፤ የዘካው መዝገብ የት ነው? ማኅተሙን ማን ይዟል? አዲሱ ኮሚቴ እስኪረከብ ድረስስ የመድረሳው ልጆች ኡስታዝ ደመወዙን ከማን ይቀበላል?