ስለ መርሳት በሽታና ስለ ሮቦት የቤት እንስሳ

ከእርጅና ጋራ የሚመጣ መርሳት ሁሉ አንድ አይደለም። ቁልፉን የት እንዳኖረ የረሳ ሽማግሌ ቆይቶ ቢያስታውስ የዕድሜ ነገር ነው፤ ቁልፍ ለምን እንደሚያገለግል ከጠፋበት ግን በሽታ ነው። እኛ «ጃጀ» ብለን እናልፈዋለን፤ ሐኪሞች ግን የአንጎል ሕዋሳት በመጐዳታቸው የሚመጣ ሕመም መሆኑን ያስረዳሉ። ከዓይነቶቹ ዋናውን በ1906 ዓ.ም. (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) የገለጸው ጀርመናዊው ሐኪም አሎይስ አልዛይመር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው በ2021 ዓ.ም. 57 ሚሊዮን ሰዎች የመርሳት በሽታ ነበረባቸው። ፈጽሞ የሚያድን መድኃኒት ስላልተገኘለት የበሽተኛውን ውሎ ሰላማዊ ማድረግ ትልቅ እርዳታ ነው። ነገር ግን መርሳቱ ድንገት የጀመረ እንደ ሆነ ሌላ የሚድን ሕመም ሊሆን ስለሚችል ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ጎባ ሆስፒታል መውሰድ ይገባል።

በሽተኛው ስም ቢረሳም ስሜቱ አይጠፋም፤ ይፈራል፣ ይናፍቃል፣ ይደሰታል። እንስሳ መደባበስም ያረጋጋዋል። ሆኖም ብዙ ሕሙማን በአንድነት በሚጦሩበት ቤት እንስሳ ማኖር ያስቸግራል፤ ይቧጭራል፣ ይነክሳል፣ የሚመግበውም ሰው ይፈልጋል። በዚህ ምክንያት ጃፓናዊው መሐንዲስ ታካኖሪ ሺባታ ከ1993 ዓ.ም. ጀምሮ ፓሮ የተባለውን ሮቦት ለመሥራት ተነሣ።

ፓሮ በበረዷማ ባሕር የሚኖረውን የአቆስጣን ግልገል ይመስላል። ክብደቱ 2.7 ኪሎ ግራም ያህል ስለ ሆነ እንደ ሕፃን ይታቀፋል። ከነጭ ጠጕሩ ሥር ንክኪን፣ ብርሃንንና ድምፅን የሚለዩ መሣሪያዎች አሉ፤ ትንንሽ ሞተሮችም ዐይኑንና አንገቱን ያንቀሳቅሳሉ። ሺባታ አቆስጣን የመረጠው በብልሃት ነው። ውሻንና ድመትን ሁሉም ስለሚያውቅ ከእውነተኛው ጋራ አስተያይቶ ጕድለቱን ያገኛል፤ አቆስጣን በቅርብ የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው።

በ2017 ዓ.ም. የታተመ የአውስትራልያ ጥናት በ28 መጦሪያ ቤቶች የሚኖሩ 415 ሕሙማንን በሦስት ክፍል መደበ። የመጀመሪያው ክፍል ፓሮን፣ ሁለተኛው የማይንቀሳቀስ ፓሮን፣ ሦስተኛው የተለመደውን እንክብካቤ ብቻ አገኘ። ይህም ለ10 ሳምንት፣ በሳምንት 3 ጊዜ፣ 15 ደቂቃ ያህል ተደረገ። ፓሮ የተሰጣቸው ከሦስተኛው ክፍል ይልቅ ተደሰቱ። የማይንቀሳቀሰውን ካገኙት ጋራ ሲተያዩ ግን ብልጫቸው አነስተኛ ነበር፤ ይበልጥ አነጋገሩት፣ ይበልጥም ተመለከቱት። እንግዲህ ለስላሳ ነገር ማቀፍ ብቻውን ጥቅም አለው ማለት ነው። ፓሮ በአሜሪካ 6000 ዶላር ገደማ ስለሚያወጣ ይህን ማወቅ ለድኻ አገር ይበጃል።

ይህ ለእኛ ለባሌ ሰዎች ምን ይረባናል? በሮቤና በጎባ ሽማግሌ የሚጦረው በልጆቹ ቤት ነው። የእኔ አያት የልጅ ልጆቻቸውን ስም አያውቁም፤ ጥጃ ሲቀርብላቸው ግን አንገቱን እያከኩ ያወሩታል። ዕድሜያቸውን ሁሉ ከብት ላረቡ ሰው የሮቦት ጥጃ ቢሰጧቸው ትንፋሽና ሽታ ስለሌለው ወዲያው የሚነቁበት ይመስለኛል፤ መታለሉም ክብራቸውን ይነካል። እንዲሁም በአካባቢያችን ሙስሊም ሽማግሌዎች ብዙ ስለ ሆኑ ውሻ መሳይ ሮቦት ጭናቸው ላይ ማስቀመጥ አይገባም፤ ድመት ቢሆን ይሻላል።

ስለዚህ ሮቦቱ ይልቁን የሚጠቅመው ቢንያም በለጠ በ2010 ዓ.ም. በአዲስ አበባ እንደ መሠረተው እንደ መቄዶንያ ባለ፣ ዘመድ የሌላቸው አረጋውያን በሚጦሩበት ቤት ነው። እዚያም ቢሆን ሦስት ነገር ይጠበቅ። አንደኛ፣ ሽማግሌው እንስሳ ይወድ እንደ ነበር ይጠየቅ። ሁለተኛ፣ ሕይወት አለው ተብሎ አይዋሽ፤ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲተላለፍም ይጽዳ። ሦስተኛ፣ አስታማሚው አብሮ ይቀመጥ፤ ሮቦቱ የወሬ መክፈቻ እንጂ የሰው ምትክ አይደለምና።

ተማሪዎች ሆይ፣ ከመካከላችን ነገ መሐንዲስ የሚሆን አይጠፋም፤ እርሱ ለአያቶቻችን የሚስማማውን ይሠራ ይሆናል። እስከዚያው ግን ከትምህርት ስንመለስ ከአንድ ሽማግሌ አጠገብ 15 ደቂቃ መቀመጥ ገንዘብ አይጠይቅም።