የፊት ቅባት ጀርባው እንዴት ይነበባል?

«ይኼ ሦስት መቶ ብር፣ ያኛው ስድስት መቶ። ምናቸው ነው የሚለየው ልጄ?» አለችኝ አክስቴ፣ ሁለት የፊት ክሬም ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ። ለሚ ነን፤ ወሩ ኅዳር። ከተማዋ የጀማ ሸለቆ አፋፍ ላይ ስለተቀመጠች የበጋው ውርጭና ንፋስ ለፊት አይራራም። ጠዋት ገበያ የወጣ ሰው ጉንጩ አመድ የነሰነሱበት መስሎ ይመለሳል። ሁለቱንም ዕቃ ገልብጬ ጀርባቸው ላይ ያለውን ደቃቅ ጽሑፍ አነበብኩላት። የመጀመሪያዎቹ አራት ስሞች አንድ ናቸው። ውዱ ከርካሹ የሚለየው በሽቶው፣ በወርቅማ ክዳኑና በስሙ ነበር።

«እኔ ታዲያ በምን ልወቀው? እንግሊዝኛ አልችል» አለች። እንግሊዝኛ መቻልም ብዙ አይረዳም፤ ከስሞቹ አንዳንዶቹ ላቲን ናቸው። ውሃ እንኳ «አኳ» ተብሎ ነው የሚጻፍ። ግን አሥር አሥራ አምስት ስም በመልክ ከለዩ ይበቃል፤ ዘመድ ጎረቤት ያለ ተማሪ ልጅ ቢያግዝ ደግሞ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። ለአክስቴ ያሳየኋት እንዲህ ነው።

መጀመሪያ ዝርዝሩን ፈልጉ

ዕቃው ላይ «ኢንግሪዲየንትስ» የሚል ቃል አለ፤ ከእሱ ቀጥሎ በነጠላ ሰረዝ የተለያዩ ስሞች ይደረደራሉ። ትንንሽ ዕቃ ላይ ቦታ ስለሚጠብ ዝርዝሩ የሚታተመው ካርቶኑ ላይ ነው። ባለ ሱቁ ካርቶኑን ጥሎ ዕቃውን ብቻ ደርድሮ ከሆነ «ካርቶኑስ?» ብላችሁ ጠይቁ። ካርቶንም ዝርዝርም የሌለውን፣ ከትልቅ ባልዲ እየተቀዳ በፌስታል ወይም በባዶ ብልቃጥ የሚሸጠውንም አትግዙ። የማይነበብን ነገር ማነጻጸር አይቻልም፤ ፊት ደግሞ መሞከሪያ አይደለም።

ከላይ ወደ ታች አንብቡ

የዝርዝሩ ቅደም ተከተል ሕግ አለው። በብዛት የገባው ቀድሞ ይጻፋል፣ ያነሰው እየተከተለ ይሄዳል። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ አምስት ስሞች የቅባቱ አብዛኛው አካል ናቸው። ይዘታቸው ከ1 በመቶ በታች የሆኑት ግን በፈለጉት ቅደም ተከተል ሊደረደሩ ይችላሉ፤ ነጋዴው የሚጫወተው እዚህ ላይ ነው። ዕቃው ፊት ለፊት የማር ሥዕል አለበት፤ ጀርባው ላይ ማሩን ስትፈልጉት ከመጨረሻው ሦስተኛ ሆኖ ይገኛል።

ይህን ድንበር ለማወቅ አንድ ቀላል ዘዴ አለ። «ፌኖክሲኢታኖል» የሚለውን ስም ፈልጉ። ቅባቱ እንዳይበላሽ የሚጨመር ማቆያ ነው፤ በአውሮፓ ደንብ ከ1 በመቶ በላይ እንዲገባ አይፈቀድም። እንግዲህ ከእሱ በኋላ የተጻፈ ሁሉ ቢበዛ 1 በመቶ ገደማ ነው ማለት ነው። እሬቱም፣ አቮካዶውም፣ ቫይታሚን ኢውም ከእሱ በኋላ ከመጡ በጠብታ የሚለኩ ናቸው። በጥቂቱም የሚሠራ ነገር ግን አለ፤ ሴራማይድና ሀያሉሮኒክ አሲድ ከ1 በመቶ በታች ሆነውም ይጠቅማሉ። ናያሲናማይድ ግን ከ2 እስከ 5 በመቶ ካልሆነ ብዙ አይፈይድም። ስለዚህ «ናያሲናማይድ አለው» ተብሎ ዋጋው የተሰቀለ ክሬም ላይ ስሙ ከፌኖክሲኢታኖል በታች ከተገኘ ገንዘባችሁን ኪሳችሁ መልሱ።

በሦስት ክፈሉት፦ ሳቢ፣ ሞይ፣ ከዳኝ

ከውሃ ሳቢዎቹ እንጀምር። ክረምት ላይ ክፍቱን ያደረ ጨው ጠዋት ረጥቦ ይገኛል፤ ከአየሩ ውሃ ስቦ ነው። የግሊሰሪን ሥራም ይኸው ነው። ዝርዝሩ ላይ «ግሊሰሪን»፣ «ፕሮፒሊን ግላይኮል»፣ «ሶርቢቶል»፣ «ዩሪያ»፣ «ሶዲየም ሀያሉሮኔት» ካያችሁ የሳቢዎቹ ወገን ናቸው። ያው ጨው ግን በጥር አይረጥብም፤ አየሩ ራሱ ደረቅ ነዋ። ያልተበረዘ ግሊሰሪን በለሚ በጋ ብቻውን ፊት ላይ ሲቀባም እንዲሁ ነው፤ ከአየሩ የሚስበው ቢያጣ ከውስጠኛው ቆዳ ይስባል፣ ንፋሱ ደግሞ ያንኑ ያደርቀዋል። «ግሊሰሪን ጭራሽ ፊቴን አደረቀኝ» የሚሉ ሰዎች ውሸታቸውን አይደለም። ከላዩ ክዳን አጥቶባቸው ነው።

ክዳኖቹ «ፔትሮላተም»፣ «ፓራፊነም ሊኩዊደም»፣ «ዳይሜቲኮን»፣ «ላኖሊን» እና የንብ ሰም ናቸው። ፔትሮላተም ሁላችን ቫዝሊን የምንለው ነው። አሜሪካዊው ሮበርት ቼስብሮ በ1872 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብቱን ካስመዘገበበት ጊዜ ወዲህ ብዙ ውድ ክሬም መጥቶ ሄዷል፤ ውሃ ከቆዳ እንዳይተን በመከልከል ግን እስከ ዛሬ የሚበልጠው የለም፤ ትነቱን እስከ 98 በመቶ ሊያስቀር ይችላል። ቫዝሊን በራሱ ውስጥ ውሃ የለውም። ደረቅ ፊት ላይ ብትቀቡት ድርቀቱን ነው የሚከድነው።

ላኖሊን የበግ ጸጉር ሲታጠብ የሚወጣው ቅባት ነው። በርኖስና ባና ከሚሠራበት ከመንዝ በግ አገር ለመጣ ሰው ይህ እንግዳ አይሆንም፤ ያልታጠበ የበግ ጸጉር የፈተለች ሴት እጇ እንደሚወዛ ታውቃለች። በሰማያዊ ቆርቆሮ የሚመጣው ኒቪያም በ1911 እ.ኤ.አ. ጀርመን ውስጥ ሲጀመር የተሳካለት ከዚሁ ቅባት የወጣ ነገር ውሃንና ዘይትን አጣብቆ ስለያዘለት ነው። የዚያን ቆርቆሮ ጀርባ አንብቡት፤ ውሃ፣ ፈሳሽ ፓራፊን፣ ሰም፣ ግሊሰሪን፣ የላኖሊን አልኮሆል። ሳቢም ከዳኝም አለው። ለደጋ ብርድ መጥፎ አይደለም፤ ወዛም ፊት ላለው ግን ይከብዳል።

ሦስተኛዎቹ ሞይዎቹ ናቸው። የቆዳችን የላይኛው ንጣፍ በጭቃ እንደተመረገ የድንጋይ ግድግዳ ነው። ድንጋዩ የሞተው ሕዋስ፣ ጭቃው ደግሞ ቅባት ነው፤ ከጭቃው ግማሽ ያህሉ ሴራማይድ ይባላል። ብርድና ሳሙና ምርጊቱን ሲያነሡት ቆዳው ይሰነጠቃል። «ሴራማይድ ኤንፒ»፣ «ኮሌስትሮል»፣ የሺአ ቅቤ፣ የአትክልት ዘይቶች፣ «ሴቴሪል አልኮሆል» ስንጥቁን የሚሞሉ ናቸው። አልኮሆል የሚለው ቃል አያስደንግጣችሁ፤ ሴቲልና ሴቴሪል ሰም መሰል ለስላሳ ነገሮች ናቸው። የሚያደርቀው «አልኮሆል ዴናት» የሚባለው ነው፤ እሱ ከመጀመሪያዎቹ አምስት ውስጥ ከገባ ለደረቅ ፊት አይሆንም።

የእኛን ቤት ነገሮችም በዚሁ ሚዛን ማየት ይቻላል። ለጋ ቅቤ ከዳኝና ሞይ ነው፤ ለጸጉር እሰየው፣ ብጉር ለሚያወጣ ፊት ግን አልመክርም፤ ቀዳዳውን ይደፍናል፣ ሲቆይም ይሻግታል። የኑግ ዘይት የሚገርም ነው። ከስቡ 70 በመቶ ገደማ ሊኖሌይክ አሲድ ነው፤ ይህ ቆዳ ሴራማይድ ለመሥራት የሚፈልገው የስብ ዓይነት ነው። ሽታውን የሚታገሥ ሰው ሲገኝ ለተሰነጠቀ ተረከዝ ይሞክረው።

ከራሳችሁ ፊትና ከአየሩ ጋር አስተያዩት

ደረቅ ፊት ያለውና አፋፉ ላይ የሚኖር ሰው ከመጀመሪያዎቹ አምስት ስሞች ውስጥ አንድ ሳቢና አንድ ከዳኝ ያሉበትን ይምረጥ። ፊቱ የሚወዛ፣ ወይም ወደ ጀማ ቆላ ወርዶ በሙቀት የሚውል ሰው ደግሞ ፔትሮላተምና ሰም የሌለበትን፣ ግሊሰሪንና ዳይሜቲኮን ያለበትን ቀለል ያለ ሎሽን ይፈልግ። ቶሎ የሚያሳክከውና የሚቀላ ቆዳ ያለው «ፓርፈም» ወይም «ፍራግራንስ» የሚል ቃል ያለበትን ይተው፤ ሽቶ ማለት ነው፤ ከቅባት የሚመጣን አለርጂ ከሚያነሡት ነገሮች ግንባር ቀደሙ እሱ ነው። «ሜቲልአይሶቲያዞሊኖን» የሚባለው ማቆያም እንዲሁ።

ሲሚንቶ ለሚነኩ ሰዎች ለብቻው አንድ ነገር ልበል፤ በ2017 ዓ.ም. የለሚ ናሽናል ሲሚንቶ ፋብሪካ ከተመረቀ ወዲህ በአካባቢው ሲሚንቶ የሚነካ ቆዳ እንዴት ይጠበቅ የሚለው የብዙ ቤት ጥያቄ ሆኗል። የጤናማ ቆዳ ፒኤች (የአሲድነት ልኬት ነው፤ ቁጥሩ ሲጨምር አሲድነቱ ይቀንሳል) 5 አካባቢ ሲሆን የረጠበ ሲሚንቶ 12 እና 13 ይደርሳል፤ ላብ ያለበት ቆዳ ላይ ያረፈ ብናኝ ምርጊቱን ይበላዋል። ማታ በልብስ ሳሙና መፈተግ ደግሞ ቁስል ላይ ጨው ነው። በብዙ ንጹሕ ውሃ ታጠቡ፣ ለስላሳ የገላ ሳሙና በጥቂቱ፣ ከዚያ ፊትና እጅ ሳይደርቅ ፔትሮላተም ያለበት ወፍራም ቅባት። ቅባት የእጅ ጓንትንና የአፍ መሸፈኛን አይተካም። ሽፍታው ቅባት ተቀብቶም ከተመላለሰ ሲሚንቶው ውስጥ ያለው ክሮሚየም አለርጂ አስነስቶ ሊሆን ይችላልና ሐኪም ይየው።

አንድ ነገር ደግሞ እንዳይረሳ፦ የደጋ ፀሐይ ብርድ ስላለ ትቀላለች ማለት አይደለም። ወደ ላይ በየ1000 ሜትሩ የፀሐይዋ ጎጂ ጨረር 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። ዕቃው ላይ «ኤስፒኤፍ» ካልተጻፈ ክሬሙ ከፀሐይ አይከላከልም፤ ባርኔጣና ጥላ ይሻላል።

የሚያቀላውን ለይታችሁ አስወጡ

እዚህ ላይ ረጋ ብላችሁ አንብቡ። ማለስለሻ ተብለው ከሚሸጡት መካከል ማድያት የሚያጠፋ፣ ፊት የሚያቀላ የሚባሉ አሉ። «ሃይድሮኪኖን» ያለበት ክሬም በሐኪም እጅ ብቻ የሚሰጥ መድኃኒት መሆን ነበረበት፤ የአውሮፓ አገሮች ከቆዳ ማቅያ ቅባት ውስጥ ካስወጡት ሃያ ዓመት አልፏል። «ክሎቤታሶል» እና «ቤታሜታሶን» ብርቱ ስቴሮይዶች ናቸው፤ በሳምንት ውስጥ ፊትን ያጠሩና ያማልላሉ፣ ከወራት በኋላ ቆዳውን አሳስተው ደም ሥር ያሳያሉ፣ ብጉርና ጸጉር ያበቅላሉ። ከሁሉ የከፋው ሜርኩሪ ነው፤ ኩላሊትና ነርቭ ይጎዳል፣ እናትየው ተቀብታ ሕፃኑም ይደርሰዋል። ዝርዝሩ ላይ «ካሎሜል»፣ «መርኩሪክ»፣ «አሞኒየትድ መርኩሪ» ይባላል። ብዙ ጊዜ ግን ጨርሶ አይጻፍም። «ከወርቅ፣ ከብርና ከአሉሚኒየም አርቁ» የሚል ማስጠንቀቂያ ካያችሁ ጠርጥሩ፤ ሜርኩሪ ወርቅን ስለሚያበላሽ ነው እንዲያ የሚጻፈው። ስለ ሜርኩሪ በተፈረመው ዓለም አቀፍ የሚናማታ ስምምነት ለቅባት የተቀመጠው ወሰን በኪሎ 1 ሚሊግራም ነበር፤ በኋላ እሱም እንዳይኖር ተወስኗል።

እንዲህ ያለ ዕቃ ገበያ ላይ ካገኛችሁ ለኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በነጻ የስልክ መስመሩ 8482 መጠቆም ይቻላል፤ አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የመዋቢያ ምርቶችንም ይቆጣጠራል። ስቴሮይድ ያለበትን ለወራት ስትቀቡ የኖራችሁ ከሆነ ባንድ ጊዜ ጥላችሁ ፊታችሁ ሲነድ ከምትደነግጡ ዕቃውን ይዛችሁ ጤና ተቋም ሂዱ።

ዋጋውን በሚሊሊትር አካፍሉት

ትልቁ ዕቃ ሁልጊዜ ውድ፣ ትንሹ ሁልጊዜ ርካሽ አይደለም። ለምሳሌ 50 ሚሊሊትሩ 300 ብር ከሆነ አንዱ ሚሊሊትር 6 ብር ነው፤ 200 ሚሊሊትሩ 450 ብር ከሆነ 2 ብር ከ25 ሳንቲም። የመጀመሪያዎቹ አምስት ስሞች ከተመሳሰሉ የምትከፍሉት ልዩነት የሽቶና የማስታወቂያ ነው።

ገንዘቡ ከጠበበም መላ አለ። ከመድኃኒት ቤት የተገዛ አንድ ማንኪያ ግሊሰሪን ፈልቶ በቀዘቀዘ አራት ማንኪያ ውሃ በርዙ፤ ፊታችሁን ታጥባችሁ ሳይደርቅ ቀቡት፣ ከላዩ የአተር ፍሬ የምታህል ቫዝሊን በመዳፍ አሙቃችሁ አልብሱት። ማቆያ የሌለበት ስለሆነ ለሁለት ቀን ከሚበቃ በላይ አትበርዙ። ሎሚ የሚጨምሩበት አሉ፤ አታድርጉት። ሎሚ ያረፈበት ፊት ፀሐይ ሲያገኘው ይቃጠላል፣ ጠባሳውም ይጠቁራል።

ሞክሩና ቀኑን እዩ

አዲሱን ቅባት ፊት ላይ ከማዳረሳችሁ በፊት ክንድ ውስጠኛው ላይ፣ ሳንቲም በምታህል ቦታ፣ ጠዋትና ማታ ለአንድ ሳምንት ቀቡት። ካሳከከ፣ ካቀላ ወይም ካቆረፈደ ለፊታችሁ አይሆንም።

በመጨረሻ ቀኑ። አክስቴ ከገዛቻቸው አንዱ ላይ 12/2023 ተጽፏል። «ገና አምስት ዓመት አለው» ብላ ደስ ብሏት ነበር፤ በእኛ አቆጣጠር 2018 ላይ ነንና። ዕቃው ላይ ያለው ግን የፈረንጅ ቀን ነው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ 7፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን 8 ቀንሱ። 12/2023 ማለት የ2016 ታኅሣሥ ነው፤ ክሬሙ ካለፈበት ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ቀን የሌለበት ዕቃ ላይ ደግሞ ክዳኑ የተከፈተ የብልቃጥ ሥዕልና ውስጡ «12» ቁጥር ከ«ኤም» ፊደል ጋር ይኖራል፤ ከተከፈተ በኋላ 12 ወር ያገለግላል ማለት ነው። ስለዚህ በከፈታችሁት ቀን እስክሪቢቶ አንሡና ቂጡ ላይ በራሳችሁ አቆጣጠር ጻፉበት፦ ኅዳር 2018።