በባልደረባዎ የእንክብካቤ ዕቅድ ሥር ከመፈረምዎ በፊት ማወቅ ያለብዎ

በአምቦ አጠቃላይ ሆስፒታል፣ በአምቦ ዩኒቨርሲቲ ሪፈራል፣ በጌዶ ወይም በጊንደበረት «የክፍል ኃላፊ ነርስ ይሁኑ» ተባሉ እንበል። የሹመት ደብዳቤው ሥልጣንዎን ይነግርዎታል፤ ሌሎች ነርሶች በጻፉት ዕቅድ ሥር መፈረም ምን እንደሚያስከትል ግን አይነግርዎትም። የሚሾምዎ ሰው ቦታው ክፍት እንዳይሆን ይቸኩላልና ከእሱ ማስጠንቀቂያ አይጠብቁ። እሺ ከማለትዎ በፊት እነዚህን ያጣሩ።

- ፊርማዎ ምን ይላል? «አይቻለሁ» እና «አጽድቄያለሁ» ለየቅል ናቸው። ቅጹ የትኛውን ይላል? ታካሚውን አይተው፣ ዕቅዱን ከቻርቱ ጋር አመሳክረው ይፈርሙ።
 *ይጠንቀቁ፦* ሱፐርቪዥን ሊመጣ ነው ተብሎ የሚቀርብ ያለፈ ሳምንት የወረቀት ክምር። ዛሬ ካዩት የዛሬን ቀን ይጻፉ።

- በማን ጥፋት ይጠየቃሉ? የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2031 ማንኛውም ባለሙያ የሙያውን ደንብ እንዲጠብቅ ያስገድዳል። የባልደረባዎ ቀጣሪ ሆስፒታሉ ስለሆነ ለስህተቷ በደፈናው ተጠያቂ አይሆኑም። ማየት የሚገባዎትን ግድፈት አልፈው ከፈረሙ ግን ጥፋቱ የእርስዎም ነው።
 *ይጠንቀቁ፦* «እሷ ናት የጻፈችው» የሚለው መልስ ብቻውን አያድንዎትም።

- «ካሣ ቢመጣ መንግሥት ይከፍላል» አሉዎት? ግማሹ እውነት ነው። በዚያው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2126 መሠረት ተጎጂው ለሥራ ጥፋት መንግሥትን መጠየቅ ይችላል። መንግሥት የከፈለውን ከአጥፊው ሠራተኛ መልሶ ሊጠይቅ እንደሚችልም እዚያው ተጽፏል።
 *ይጠንቀቁ፦* ክስ የሚቀርብበት ጊዜ በመርህ 2 ዓመት ነው፤ ነገሩ ወንጀል ከሆነ ሊረዝም ይችላል። ሥራ መልቀቅ አያስቀረውም።

- ወንጀልስ ይሆናል? በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 543 መሠረት የሰው ሕይወት የመጠበቅ የሙያ ግዴታ ያለበት ሰው በቸልተኝነት ሞት ካደረሰ ከ1 እስከ 5 ዓመት ቀላል እስራትና ከ3 ሺህ እስከ 6 ሺህ ብር መቀጮ ይጠብቀዋል።
 *ይጠንቀቁ፦* የወንጀል ኃላፊነት የግል ነው። ሆስፒታሉ ስለ እርስዎ አይታሰርም።

- ዕቅዱ በዛሬው የሌሊት ዱቲ ይሠራል? ማግኒዚየም ሰልፌት የምትወስድ እናት ዕቅድ ቀረበልዎ እንበል። ትንፋሿ በደቂቃ ከ16 አለማነሱን፣ የጉልበቷን ምላሽና የሽንቷን መጠን ማን፣ በየስንት ሰዓቱ ያያል? ካልሲየም ግሉኮኔት ክፍሉ ውስጥ አለ?
 *ይጠንቀቁ፦* ወረቀት ላይ ያማረ፣ በሌሊቱ የሰው ኃይል ግን የማይሞከር ዕቅድ። ሲፈርሙበት «ይቻላል» ማለትዎ ነው። ካልተቻለ ጉድለቱን ለሜትረኗ በጽሑፍ ያሳውቁ።

- የጻፈው ማነው? የሙያ ፈቃዱ ያልታደሰ ነርስ ነው? ከአምቦ ዩኒቨርሲቲ ለልምምድ የመጣ ተማሪ?
 *ይጠንቀቁ፦* የተማሪን ዕቅድ መጀመሪያ የሚያስተምረው ባለሙያ ይፈርምበት፤ የእርስዎ ፊርማ የእሱን አይተካም።

- ታካሚዋ በምን ቋንቋ ተጠየቀች? ቻርቱ በእንግሊዝኛ ይጻፋል፤ ከጅባት ገጠር የመጣች እናት የምትናገረው አፋን ኦሮሞ ነው። መድኃኒት ይቆጣት እንደሆነ ማን ጠየቃት? ማን አስተረጎመ?
 *ይጠንቀቁ፦* ሳትጠየቅ «አለርጂ የለም» ተብሎ የተሞላ ሣጥን። አጠራጣሪ ከሆነ ራስዎ በቋንቋዋ ይጠይቋት።

- የሙያ ኃላፊነት መድን ሊገዙ ነው? ውሉ የሚሸፍነው በእጅዎ የሠሩትን ብቻ ነው ወይስ የሌሎችን ሥራ መቆጣጠርንም? ሥራ ከለቀቁ በኋላ የሚመጣ ክስስ? መጀመሪያ ከኪስዎ የሚከፍሉት ስንት ነው?
 *ይጠንቀቁ፦* ሻጩ ስለ አረቦኑ ርካሽነት ያወራል። «የማይሸፈኑ» የሚለውን ገጽ እርስዎ ያስገልጡት። እስራትን የሚሸፍን መድን የለም።

- ማስረጃዎ የት ነው? የሰው እጥረትና ያልተስተካከለ ዕቅድ በቃል ብቻ ከተነገረ አልተነገረም። ደብዳቤዎን በመዝገብ ቤት አስገብተው ቁጥርና ማኅተም ያለበት ቅጂ ይያዙ።
 *ይጠንቀቁ፦* የታካሚን ቻርት በስልክ አንስተው አይውሰዱ። የሙያ ምስጢር ማውጣት ራሱ ያስከስሳል።

እሺ ከማለትዎ በፊት አራት ነገር በጽሑፍ ይጠይቁ፦ የሥራ መዘርዝር፣ ዕቅድ ለማየት የተመደበ ሰዓት፣ ያላመኑበትን ዕቅድ ሳይፈርሙ የመመለስ መብት፣ በሌሉበት ቀን የሚፈርም ተወካይ። አራቱም በቃል ብቻ ከተነገሩዎት ደብዳቤውን ለመቀበል አይቸኩሉ።